በአፈርና ደን ጥበቃ ድርጅት ስለሚሰሩ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ደሴ፣ ኮምቦልቻና ዙሪያው)

ፒያሳ ቡና ላይም፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ነገር እነዚህ ሰዎች ስራቸው ምንድነው?

ባጭሩ አፈሩ ታጥቦ እንዳይሄድ፣ የተራቆተው መሬት ደሞ እንዲያገግም ካካባቢው ሰው ጋር የሚሰሩ ናቸው። ተራራ ከልቅ ግጦሽ ይከለላል፣ እርከን ይሰራል፣ ቦረቦሩ በክትር (ጎርፉን በሚገታ አጥር) እና በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይያዛል፣ ችግኝ ይፈላል፣ የመኖ ሳር ይተከላል፣ ምንጭ ይጎለብታል። ድንጋዩን የሚሸከመውና ጉድጓዱን የሚቆፍረው ግን ገበሬው ራሱ ነው። የድርጅቱ ሰራተኛ ይለካል፣ ያሰለጥናል፣ እቃ ያቀርባል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ይሄ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ስራ አይመስለውም እንጂ ዋናው እሱ ነው።

ወሎ ላይ ነገሩ አዲስ አይደለም። የ66ቱና የ77ቱ ድርቅ ካለፈ በኋላ አፈር ማዳን እዚህ አገር የሞት የሽረት ጉዳይ ሆኗል። አልቡኮ በኩል ማይባር ሀይቅ ጋ ያለውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ብዙ የደሴ ልጅ አያውቀውም፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የተቋቋመው፣ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ አብረው ከከፈቷቸው ጣቢያዎች የመጀመሪያው እሱ ነው፣ 113 ሄክታር ገደማ የሆነች ትንሽ ተፋሰስ ላይ ነው ልኬቱ የሚካሄደው። እዛ ጣቢያ ዝናብ ጥሎ ወንዙ በደፈረሰ ቁጥር፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ወጥቶ ውሃውን የሚቀዳ ሰው ነበር። ስንት አፈር እንደሚታጠብ ዛሬ በቁጥር የምናወራው ያ ሰው ከመኝታው ተነስቶ ስለቀዳ ነው።

እሺ እነማን እነማን አሉ? ቢሮ ያለው ማነው፣ ፊልድ ያለውስ?

ደሴ ቢሮ ያለው ሰው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አስተባባሪ፣ ፋይናንስ፣ ካሽየር፣ ግዢና ሎጂስቲክስ፣ ክትትልና ግምገማ፣ ካርታ የሚሰራ ጂአይኤስ የሚችል ልጅ፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣ ጽዳት። ትንንሽ ድርጅት ላይ ሁለት ሶስቱን ስራ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ግዢውን የሚሰራው ልጅ ሪፖርትም ይጽፋል ስልጠናም ያስተባብራል። ሾፌሩን ዝም ብላችሁ ሾፌር ነው እንዳትሉ፣ የትኛው መንገድ በሐምሌ ጭቃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ፊልድ ላይ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፣ የደን ባለሙያ፣ የእንስሳትና መኖ ባለሙያ፣ ከዛ የማህበረሰብ አመቻች አለ። አመቻቹ የወረዳው ተወላጅ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልሆነም ሰው ማወቅ አለበት። የቅሬው (የወሎ እድር ማለት ነው) ዳኛ ማን እንደሆነ፣ ሰፈሩ የሚሰማው የትኛውን ሸህ የትኛውን ቄስ እንደሆነ፣ አርብ በጁምዓ ሰዓት ስብሰባ እንደማይጠራ፣ በ21ና በ29 ክርስቲያኑ ሞፈር እንደማያነሳ፣ በገበያ ቀን ሰው ፍለጋ መውጣት ልፋት ብቻ እንደሆነ። ይሄን የማያውቅ ሰው ማስተርስ ቢኖረውም ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው ሚመለሰው።

ከዛ ደሞ ሪፖርት ላይ ስማቸው የማይጻፍ አሉ። የችግኝ ጣቢያ ሰራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ አፈር ነፍተው ፍግ ቀላቅለው ፕላስቲክ የሚሞሉ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጡ። የጣቢያው ፎርማን። የእርከን ቡድን የሚመሩ ካቦዎች። የደን ጠባቂ። ላይን ሌቭል (የእርከኑን መስመር ልክነት የሚያሳይ መለኪያ) የሚይዙት ሶስቱ ሰዎችም አሉ፣ ሁለቱ እንጨት ይዘው 10 ሜትር በሆነ ገመድ ዳርና ዳር ይቆማሉ፣ ሶስተኛው መሀል ላይ ሆኖ የውሃዋን አረፋ እያየ ከፍ በል ዝቅ በል ይላል፣ መስመሩ ጠማማ ከሆነ ውሃው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ እርከኑን በጥሶ ይወርዳል፣ ያኔ እርከን ባይሰራ ይሻል ነበር ማለት ነው። ለኔ ድርጅቱ ማለት እነዚህ ናቸው፣ ደብዳቤ ላይ የሚፈርመው ሰው ሳይሆን።

ከግብርና ጽህፈት ቤቱ ዲኤ (የቀበሌው የልማት ሰራተኛ) በምን ይለያሉ?

ዲኤ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ ቀበሌው ላይ ተመድቦ ይሰራል፣ ማዳበሪያውም ምርጥ ዘሩም ሪፖርቱም ስብሰባውም እሱ ላይ ነው። የድርጅት ሰራተኛ ፕሮጀክት ያለበት ተፋሰስ ላይ ብቻ ነው የሚያተኩረው። ዲኤውን ዘሎ የሚሰራ ድርጅት ግን የትም አይደርስም፣ ምክንያቱም ፕሮጀክቱ ሲወጣ ቀበሌው ላይ የሚቀረው ዲኤው ነው። ጥሩ የፊልድ ኦፊሰር ቀበሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚደውለው ለዲኤው ነው።

መሬት ይገዛሉ እንዴ? ተራራው ሲከለል መሬታችን ተወሰደ ማለት ነው?

አይገዙም፣ መግዛትም አይችሉም። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ውጪ አገር መሬት ገዝተው ወይ ከባለመሬቱ ጋር የዘላለም ውል ገብተው የሚጠብቁ ድርጅቶች አሉ፣ እዛ ጠበቃና መሬት ገማች ዋና ሰራተኞች ናቸው። እዚህ ግን የድርጅቱ አቅም ውል ሳይሆን ስምምነት ነው፣ ስለዚህ ዋናው ሰራተኛ ሰው ማስማማት የሚችል ሰው ነው።

የወል ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲደረግ ባለቤትነቱ አይቀየርም። የሚቀየረው አጠቃቀሙ ነው፣ ከብት አይሰማራም፣ ሳሩ ግን ታጭዶ ለባለድርሻዎቹ ይከፋፈላል። ይሄን የሚወስነው የተፋሰሱ ነዋሪ ራሱ በመተዳደሪያ ደንብ ነው፣ ማን ያጭዳል፣ መቼ ይታጨዳል፣ ከብት የገባበት ሰው ስንት ይቀጣል። ደንቡን ሳያነቡላችሁ ፈርሙ ያላችሁ ካለ አትፈርሙ፣ የማንበብ መብታችሁ ነው።

የግል ማሳ ላይ ደሞ በ1997 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የተቀመጠ ነገር ነበር፣ ተዳፋቱ ከ60 ፐርሰንት በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይውልም፣ ከ30 እስከ 60 ያለው ጠረጴዛማ እርከን ተሰርቶለት ብቻ ነው አመታዊ ሰብል የሚዘራበት። ከደሴ እስከ ኩታበር ያለውን አቀበት ያየ ሰው ይሄ ነገር ስንት ቤተሰብ ላይ እንደሚያርፍ ይገባዋል። ስለዚህ ባለሙያው ተዳፋት ለክቶ ብቻ አረስክ አላረስክ ብሎ አይሄድም፣ እዛ ማሳ ላይ ፍራፍሬ ወይ መኖ ወይ ዛፍ ምን ቢገባ ቤቱ ይኖራል የሚለውን አብሮ ያወጣል።

ስራው አመቱን ሙሉ ነው ወይስ ክረምት ብቻ?

አመቱን ሙሉ ነው፣ ክረምቱ የሚታየው ክፍል ስለሆነ ነው እንጂ። ከህዳር ጀምሮ ችግኝ ጣቢያው ይነሳል፣ አፈር ይዘጋጃል፣ ዘር ይዘራል፣ እንደ ወይራና ያበሻ ጥድ ያሉት አገር በቀሎች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ለነሱ ቀድሞ ነው መጀመር። ጥርና የካቲት መኸሩ ገብቶ ሰው እጁ ስለሚያርፍ የተፋሰስ ስራ ነው፣ በተለይ ከ2003 ወዲህ በዘመቻ መልክ በሰፊው ይሰራል። ደጋው ላይ በልግ ስላለ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ዝናቡ ከጣለ ገበሬው ወደ እርሻው ይሄዳል፣ ያኔ ለምን ለእርከን አልወጣህም ብሎ የሚቆጣ ኦፊሰር ካለ ወሎን አያውቅም። ግንቦትና ሰኔ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሐምሌ ይተከላል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ የጸደቀው ይቆጠራል፣ ይታረማል፣ ይኮተኮታል።

ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማታውቁ፣ በተለመደው የስራ መለኪያ 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሰራው ማለት ነው) ይፈልጋል፣ የድንጋይ ሲሆን 250። አንድ ትንሽ ተፋሰስ ደሞ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ይሆናል። ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ተራራው ላይ የተሰመረውን መስመር ስታዩ ይሄን አስቡ።

ለመቀጠር ምን መማር አለብኝ?

የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ ደን፣ አፈርና ውሃ ጥበቃ፣ እንስሳት ሳይንስ፣ ጂአይኤስ፣ ለቢሮው አካውንቲንግ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ግብርና አለ፣ ኮምቦልቻ ደሞ ግብርና ኮሌጁ አለ፣ ብዙ ዲኤ የወጣው ከሱ ነው፣ ደን ለሚፈልግ ወንዶ ገነት ስሙ የታወቀ ነው። ማስታወቂያ ላይ ሁሌ የሚጠየቅ ግን ተማሪ የማያስበው አንድ ነገር የሞተር መንጃ ፈቃድ ነው። የፊልድ ኦፊሰር ያለ ሞተር ግማሽ ሰው ነው፣ ቀበሌው ጋ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ተመርቃችሁ ቤት ከምትቀመጡ መንጃ ፈቃዱን አውጡ። ባቲና ከሚሴ በኩል ለመስራት ለሚያስብ ኦሮምኛ መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ልምድ የለኝም ለሚሉ፣ ክረምት ላይ ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ የስራ ልምምድ አድርጉ ወይ በጎ ፈቃደኛ ሁኑ። ኢንተርቪው ላይ ስለ ክትር ከመጽሐፍ ያነበበውን የሚያወራና ክትር ሲሰራ የቆመ ሰው ወዲያው ነው ሚለየው።

ያለ ዘመድ ይገባል?

ይገባል። ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል፣ ወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ኢንተርኔት ላይም፣ ፈተናና ኢንተርቪው አለ። አድልዎ የትም የለም ብዬ አልምልም፣ ግን ዘመድ የሌለው ሁሉ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቦታው ለማን እንደሚቀር ግልጽ ነው። ሲቪያችሁን ላኩ፣ ስትጠሩ ሂዱ፣ ካልገባችሁ ውጤታችሁን ጠይቁ። ላስቀጥርህ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን ሌባ ነው፣ አለቀ።

ደሞዙስ? ቋሚ ነው?

ደሞዙ እንደ ድርጅቱና እንደ ዶነሩ በጣም ይለያያል፣ ብዙ ግዜ ከመንግስት ይሻላል፣ ነገር ግን ቋሚ ነው ማለት ይከብዳል። ኮንትራቱ ከፕሮጀክቱ ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ አመት ሁለት አመት ይፈረማል፣ በጀት ሲቀጥል ይታደሳል። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ግዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ የአመት ፈቃድ ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ጡረታ ከሰራተኛው 7 ከድርጅቱ 11 ፐርሰንት ይገባል። ስትፈርሙ እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጡ፣ የመድንና የህክምናውንም ጠይቁ፣ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ያለ መድን መስራት የለበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የቀን ሰራተኞቹ ነገር ነው። አንዲት እናት ችግኝ ጣቢያ ላይ ለአመታት ትሰራለች፣ ዘር ከዘር ትለያለች፣ የትኛው ጥላ የትኛው ፀሐይ እንደሚፈልግ ታውቃለች፣ አዲስ የመጣውን ባለዲግሪ የምታስተምረው እሷ ናት፣ ግን የምትከፈለው በቀን ሂሳብ ነው፣ ያመመች ቀን ብር የለም፣ ፈቃድ የለም። ፕሮፖዛል ሲጻፍ ለወርክሾፕ አዳራሽ በጀት ይያዛል፣ ለሷ ቋሚ ደሞዝ ሲባል ግን የለም ይባላል። ይሄ መስተካከል አለበት። በጀት የምትጽፉ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ የችግኝ ጣቢያ ሰራተኛን እንደ ሰራተኛ ጻፏት፣ እንደ እቃ ወጪ አትጻፏት።

ሴት ልጅ ፊልድ ትችላለች?

ትችላለች፣ እየሰሩም ነው፣ ጉጉፍቱ ብርድ ላይ በእግራቸው የሚወጡ እህቶች አሉ። ጥያቄው መሆን ያለበት ድርጅቱ ምን አዘጋጅቷል ነው፣ ቀበሌ ላይ ማደሪያ አለ ወይ፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ የወሊድ ፈቃዱ በህጉ መሰረት ከመውለድ በፊት 30 ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል ወይ። ደሞ እማወራ ቤት ገብታ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣች ስለ ማገዶ የምታወራው ሴት ባለሙያ የምትሰማውን ወንዱ አይሰማም። ማገዶ የሚለቅሙት፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፣ ተራራው ሲከለል መንገዱ የሚረዝመው ለነሱ ነው፣ እነሱን ያልጠየቀ ክልከላ ብዙ አይቆይም።

እኔ ከተሜ ነኝ፣ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ነው ምኖረው፣ ለኔ ምን ይፈይዳል?

ቦርከናን ተከተሉት። ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዛ ወደ ጨፋ ሜዳ፣ ከዛ አዋሽን ይቀላቀላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ይሄን ያህል ይወርዳል ማለት ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ላይ የተራቆተ መሬት ካለ ጎርፉ ደሴ ሰፈር ውስጥ ይገባል፣ የጎፍ የሚባለው ተራራ ደን ቢመናመን ኮምቦልቻ ፋብሪካውም ቤቱም ደለል ይሞላበታል። ተራራ ላይ ክትር የሚሰራው ሰው የናንተን አጥር እየጠበቀ ነው።

መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ግዜስ?

አይወጣም። ሰው ከስራ ይበልጣል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ግዜ ብዙ ቢሮ ተዘርፏል፣ ኮምፒውተርም ፋይልም ጠፍቷል፣ ከዛም ወዲህ ፊልድ የሚዘጋባቸው ወራት አሉ። በእንደዛ ያለ ግዜ ስራው ሳይቋረጥ የቀጠለው የቀበሌው ሰዎች ስለነበሩ ብቻ ነው፣ ውሃ ማጠጣቱን ያላቋረጠችው የጣቢያዋ ሴት፣ ቆጠራውን በስልክ የሚነግረው የኮሚቴው ጸሐፊ። ሰራተኛ ሆናችሁ ካልወጣችሁ ኮንትራት አናድስም የሚላችሁ አለቃ ካለ በጽሁፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ገንዘቡ በመኪናና በደሞዝ ነው የሚያልቀው ይባላል፣ እውነት ነው?

ህጉን በማወቅ እንጀምር። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሰረት የአስተዳደር ወጪ ከ20 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም። ፕሮጀክቱን በቀጥታ የሚሰራው የፊልድ ባለሙያ ደሞዝ አስተዳደር ውስጥ አይገባም፣ የፕሮግራም ወጪ ነው። ሰው እዚህ ጋ ነው ሚምታታው፣ ደሞዝ ሁሉ ብክነት ይመስለዋል። የጥበቃ ስራ ግን ከሲሚንቶና ከችግኝ ይልቅ የሰው ስራ ነው፣ ባለሙያ ሳይቀጠር የተረጨ ብር በአንድ ክረምት ጎርፍ ይወሰዳል።

ይሄን ስል ጥያቄው ልክ አይደለም እያልኩ አይደለም። ሆቴል ውስጥ ስልጠና በስልጠና ላይ፣ አበል ለማግኘት ብቻ የሚወጣ ፊልድ፣ ይሄ አለ፣ መጠየቅም አለበት። ቀበሌያችሁ ላይ የሚሰራ ድርጅት ካለ የዘንድሮ በጀቱ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደሚውል በስብሰባ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ደህና ድርጅት ወረቀቱን የቀበሌው ጽህፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።

ገበሬው እምቢ ካለስ?

እምቢታው ብዙ ግዜ ምክንያት አለው። በደርግ ግዜ እርከኑ የተሰራው በምግብ ለስራ ነበር፣ በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ብዙ ቦታ ተራራው የተከለለው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ነው፣ ሰው አልተጠየቀም። መንግስት በ1983 ሲወድቅ ደኑ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ብዙ ቦታ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ይሄን ያስታውሳሉ፣ የዛሬ ኦፊሰር ሲመጣ በዛ ዓይን ነው የሚያዩት፣ እውነትም አላቸው።

ሌላው እርከኑ ራሱ መሬት ይይዛል። ሩብ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያለው ሰው ከሷ ላይ ለእርከን ሲቀነስበት ልጆቹን ነው የሚያስበው። አይጥም ይገባበታል፣ በሬ ለማዞር ይከብዳል። እነዚህን ነገሮች አያ እገሌ ሲናገሩ የሚስቅ ወይ ግንዛቤ ያንሳቸዋል የሚል ባለሙያ ስራውን ቢተው ይሻላል። የሚሰራው መንገድ እርከኑ ጠርዝ ላይ የሚበላ ነገር መትከል ነው፣ ዝሆኔ ሳር፣ ሰስባኒያ፣ ትሪ ሉሰርን፣ ላሟ ከዛ በልታ ወተት ስትሰጥ ገበሬው እርከኑን ራሱ ይጠግናል። ደሞ ተሰርቶ ያየው ሰው ጋ መውሰድ፣ ኦፊሰሩ አንድ ሳምንት ቢያወራ ሌላ ቀበሌ ያለ ገበሬ በአስር ደቂቃ የሚለውን አያክልም። እነሱም ሄደው እንዴት ነው ሳሩ፣ ስንት ሸክም ይወጣል፣ ቅጣቱን ማን ይሰበስባል ይባባላሉ፣ እኛ ራቅ ብለን መቆም ነው።

ሁሉም ከተደረገ በኋላ አሁንም እምቢ ካሉ ይተዋል። የሌላ ቀበሌ ስራ ይሰራል፣ በሚቀጥለው አመት ይጠየቃል። በግድ የተሰራውን ምን እንደገጠመው አይተናል።

ስራቸውን በምን ልለካው? በተተከለው ችግኝ ብዛት?

በሱ አትለኩት። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከተተከለ 1 ሄክታር 2,500 ችግኝ ይይዛል፣ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያምራል። የተተከለው ስንት ነው ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ የቆመው ስንት ነው በሉ። ቆጠራውን ማን ነው የሰራው ብላችሁም ጠይቁ፣ የተከለው ሰው ራሱ ከቆጠረው ሌላ ሰው ደግሞ ይቁጠረው። ምንጩ ከጥር በኋላም ይወርዳል ወይ፣ ቦረቦሩ ቆሟል ወይ ወደ ላይ እየበላ ነው፣ ይሄ ለማንም የሚታይ ነው።

ሰራተኛው ላይ ቅሬታ ካለኝ የት ነው ምናገረው?

መጀመሪያ የተፋሰሱ ኮሚቴ፣ ከዛ ደሴ ያለው ቢሮ፣ ከዛ ወረዳው ግብርና ጽህፈት ቤት። የሴፍቲኔት ስራ ከሆነ ቀበሌው ላይ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ነገሩ ሴት ልጅን ማስገደድ ወይ ጉቦ ከሆነ ግን ኮሚቴ ጋ አትዙሩ፣ በቀጥታ ዋና ቢሮና ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው። ስም ሳይጠቀስ የሚጻፍበት ሳጥን ወይ ስልክ ቁጥር የሌለው ድርጅት ካለ እንዲያዘጋጅ ወጥራችሁ ያዙት።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጠባቂውን ማን ይከፍለዋል? ከጎረቤቱስ ጋር እንዴት ይኖራል?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው፣ ያልተፈታበት ቦታ ብዙ ነው። ጠባቂው የዛው መንደር ሰው ነው። ጠዋት የጎረቤቱን በሬ ተከልሎ ካለው ሳር ውስጥ ይዞ ያወጣል፣ ማታ ከዛው ሰው ጋር ቅሬ ላይ ይቀመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ፕሮጀክቱ እያለ ደሞዙ ከደሴ ይመጣል፣ ሰዉም የድርጅቱ ነው ብሎ ይተወዋል። ፕሮጀክቱ የወጣ ቀን ግን ብቻውን ነው የሚቀረው፣ ደሞዝም የለም ጀርባም የለም።

የሚያዋጣው ቅጣቱን ከጠባቂው እጅ ማውጣት ነው። ጠባቂው ያያል፣ ይናገራል፣ ቅጣቱን የሚወስነውና የሚቀበለው ኮሚቴው ወይ የቅሬው ዳኛ ይሁን፣ ጠብ ከተነሳ አባጋሮቹ (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ይግቡበት፣ እነሱ ያስማሙት ነገር ፖሊስ ካስማማው ይበልጥ ይጸናል። አንዳንድ ቦታ ቋሚ ጠባቂ ትተው በቤት ተራ ያስጠብቃሉ፣ ትንሽ ተፋሰስ ላይ ይሰራል፣ ሰፊ ላይ ግን ተራው የደረሰው ሰው የራሱ ስራ ይዞት ይቀራል።

ክፍያው ከተራራው ራሱ መውጣት አለበት፣ ከሳሩ ሽያጭ፣ ከማሩ፣ ከሚቆረጠው እንጨት። አዲስ ለሚቀጠር ኦፊሰር ሁሌ የምለው የጠባቂውን ነገር የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንሳው ነው፣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሶስት ወር ሲቀረው አይደለም። ከሳሩ ለጠባቂው የሚሆነው ሳይነሳ ሳሩ አይከፋፈልም ብሎ ደንቡ ላይ ያስገባ ቀበሌ ሰውየውን ያቆየዋል። ይሄን ያልጻፈው ጋ ጠባቂው አንድ ሁለት አመት በነፃ ይለፋና የራሱን ከብት ይዞ ወደ ተራራው ይገባል፣ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።